ሃምሳ ሁለት ደቂቃ

ሟቹ በመዝገብ ቤቱ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቷል። መነጽሩ ካንድ ጆሮው አልወለቀም፤ ከራስጌው አንድ ቀይ የእሳት ማጥፊያ ተጋድሟል። ዕቃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በኖረባቸው አሥር ዓመታት አንድም እሳት አላጠፋም። ዛሬ ጠዋት ያጠፋው ሰው ነው።

«ጉዳዩ አልቋል፤» አለ ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ቆሞ።

«ማን ጨረሰው?» አለችው ኢንስፔክተሯ ጓንቷን እያጠለቀች።

ሃምሳ አለቃው ነገር ቶሎ ሲያልቅለት የሚወድ ሰው ነው፤ ያለውን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተረከላት። ሟቹ የአየር መንገዱ የበረራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ቀርቷቸው ነበር። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ጸሐፊያቸው ከፖስታ ቤት ስትመለስ ገዳዩን እጅ ከፍንጅ ያዘችው። ሰውየው አሁን ታች መኪና ውስጥ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። የቀድሞ ፓይለት ነው፤ ዛሬ በዚሁ በወደቡ ከተማ ታክሲ ይነዳል፤ ሰው ግን አሁንም ካፒቴን ይለዋል።

«ለምን ይገድላቸዋል?»

«ከአራት ዓመት በፊት ከላይኛው ከተማ ሲመጣ ነዳጅ አልቆበት አውሮፕላኑን እርሻ ላይ የጣለው እሱ ነው። አሳንሶ ቀድቶ። ረዳት አብራሪው ሞተ። ያኔ ጥፋቱ የካፒቴኑ ነው ብለው የፈረሙት እኚህ ሟች ናቸው። ቂም ነዋ፣ እመቤቴ!»

ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛውን ዞራ አየችው። ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተስበዋል፤ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ተቀድቷል፤ የእንግዳው ብርጭቆ እስከ ግማሹ ተጠጥቷል። መደርደሪያው ላይ ማህደሮቹ እንደ ወታደር ተሰልፈው አንድ ቦታ ላይ ሰልፉ ተቋርጧል። ክፍተቱ አንድ ወፍራም ማህደር ያህላል።

የሟቹን ሚስት ስልክ ላይ ያገኘቻት ራሷ ነች። ሴትየዋ መርዶውን ከሰማች ገና ሩብ ሰዓት አልሞላትም።

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እያወራን ነበርኮ፤» አለች። «‹ከሩቅ የመጣ እንግዳ ገባብኝ፤ መልሼ ልደውልልሽ› ብሎ ዘጋ። አልደወለም።»

ሞቱ ከሦስት ተኩል እስከ አራት ከአምስት ባሉት ሰላሳ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው ማለት ነው።

ጸሐፊዋ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ጥቁር የለበሱ፣ ዓይናቸው የደረቀ ሴት ናቸው። ኢንስፔክተሯ ጎናቸው ተቀመጠች።

«ምን አዩ፣ እትዬ?»

«ሲመታቸው።»

«በዓይንዎ?»

«በዓይኔ! ያን ቀይ ብረት አንስቶ አናታቸው ላይ ሲያወርደው። እሪ አልኩ።»

«ካፒቴኑን ከዚህ በፊት ያውቁታል?»

ሴትየዋ ቀና ብለው አዩዋት። «የሞተው ረዳት አብራሪ ልጄ ነው። አንድ ልጄ። ቀብሬው ስመለስ አየር መንገዱ ይህን ወንበር ሰጠኝ። ይኸው አራት ዓመት ተቀምጬበታለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ሌላ አልጠየቀቻቸውም። ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል የወረደችው ቀስ ብላ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጠዋቱን ሙሉ ብቻውን ቢሮው ውስጥ ነበር፤ ምስክር የለውም፤ በዚህም ላብ ላብ ብሎታል። ስለ ጎደለው ማህደር ስትጠይቀው ግን ቆጣ አለ።

«የአደጋው ማህደር ነዋ። የተዘጋ ጉዳይ ነው! ዕቅድ ክፍሉ ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ነዳጅ አዘዘ፤ ካፒቴኑ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ቀድቶ ተነሳ። ትዕዛዙን የጻፈው ሚሊሜትር ነው፤ እሱ ደግሞ በሕይወቱ ተሳስቶ አያውቅም።»

«ሚሊሜትር ማነው?»

«የበረራ ዕቅድ ሹማችን። በላይኛው ከተማ ነው የሚቀመጠው። ርቀቱን፣ ነፋሱን፣ ነዳጁን አስልቶ የሚያዝ እሱ ነው። እነሆ፣ ስሙን ስታነሺ መጣ!»

በእርግጥም አራት ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ትንሽ ሻንጣ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ጢሙን ሳይቀር በማስመሪያ የሚከረክም ይመስላል። ነገሩን ሲሰማ ሻንጣውን አስቀምጦ ግድግዳውን ተደገፈ። ጥልቅ ሐዘን ነው፤ ኢንስፔክተሯም እውነተኛ መሰላት።

«እርስዎ መቼ ገቡ?»

«በጠዋቱ አውሮፕላን። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ በኋላው በር ገባሁ፤ እንደ ልማዴ የመጨረሻው ሰው ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ተንቀሳቀስን፤ አራት ሰዓት ከሰባት ቆምን። ከዚያ በታክሲ መጣሁ።»

«እኔ አውሮፕላን እፈራለሁ። አየር ላይ ስንት ይቆያል?»

ሰውየው በሐዘኑ መሀል ፈገግ አለ። «አራት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ምን ያስፈራል! ዛሬማ ተራራው ከበታቻችን ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።»

«በመኪናስ?»

«ስድስት መቶ አሥር። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል።»

ሌላው ሰው ሁሉ ሰዓት ስትጠይቀው «አካባቢ» እያለ ነበር የመለሰላት። ይሄ ግን ወዳጁ ሞቶ ደቂቃ አልጠፋበትም። ኢንስፔክተሯ ይህን በልቧ ያዘችና ሃምሳ አለቃውን አየር ማረፊያ ደውል አለችው። ደወለ። አውሮፕላኑ በእርግጥ አራት ሰዓት ከሰባት ላይ ቆሟል፤ የዕቅድ ሹሙ ስምም በተጓዦች ወረቀት ላይ ተጽፏል።

«እንግዲህ ይሄኛውን ይተዉት፤» አላት ሃምሳ አለቃው። «ተቆጣጣሪው ሲሞቱ እሱ ሰማይ ላይ ነው።»

ካፒቴኑ በጣቢያው ክፍል ውስጥ ክንዱን አጣጥፎ ተቀምጧል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። መዳፎቹና የሱሪው ጉልበቶች ደም ነክተዋል። ሸሚዙ ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለችም፤ ኢንስፔክተሯ ይህን ለማየት ሁለት ጊዜ ዞረችው።

«ለምን ሄድክ?»

«ትናንት ደወሉልኝ። ‹ነገ አራት ሰዓት ላይ ና፤ እንቅልፍህን የሚመልስልህ ነገር አግኝቻለሁ› አሉኝ። ስገባ ወድቀው አገኘኋቸው። ልገለብጣቸው ተንበረከክሁ። እሳቸው ግን አልፈዋል።»

«አልገደልካቸውማ?»

«አልገደልኳቸውም።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ግን ገደልክ ብትሉኝም አልከራከርም። አንድ ልጅ ገድያለሁ እኮ። ያኔ አላሰሩኝም። አሁን ቢያስሩኝ ምን ይለዋል?»

ኢንስፔክተሯ ስትወጣ በረንዳው ላይ የካፒቴኑ ሴት ልጅ ከአግዳሚው ተነሳችባት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ደብተሯን እንደታቀፈች ነው የመጣችው።

«ነገ ስምንት ሰዓት ላይ በነፍስ ግድያ ክስ ይመሠረትበታል አሉኝ። አባዬ ለራሱ አይከራከርም። ከዚያ አደጋ ወዲህ እቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም። እርስዎ ዝም ካሉ እዚያው ይቀራል።»

«እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን ሸሚዙን ሲያዩት በመስኮቱ አይቻለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን ተመለከተች። ከዚያም በሕይወቷ አደርገዋለሁ ብላ የማታውቀውን አደረገች፤ ለከሰዓቱ አውሮፕላን ትኬት አስቆረጠች። ከመሄዷ በፊት ለሃምሳ አለቃው አንድ ሥራ ሰጠችው። በመሥሪያ ቤቱ ዙሪያ ያሉትን የመኪና ማቆሚያዎች እየዞረ ከላይኛው ከተማ የመጣ መኪና እንዲፈልግ።

«ምን ዓይነት መኪና?»

«ንጹህ መኪና። ባለቤቱ ጢሙን የሚያስተካክል ሰው ነው።»

በላይኛው ከተማ አየር ማረፊያ ነዳጅ የሚቀዱት አዛውንት ጎጇቸው ውስጥ የወረቀት ክምር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እያንዳንዱ የነዳጅ ትዕዛዝ ምስማር ላይ ተሰክቶ፣ ምስማሩ ሲሞላ በገመድ ታስሮ፣ ገመዱ ሲበዛ በጆንያ ተከቷል።

«ወረቀት አልጥልም፤» አሏት። «ሚስቴ በዚህ ስትሰድበኝ ነው የኖረችው። ያለ ወረቀት አንዲት ጠብታ ቀድቼ አላውቅም። ዕቅድ ክፍሉ የጻፈውን እቀዳለሁ፤ ወረቀቱን አስቀራለሁ።»

«የዚያን የአደጋውን ቀንስ?»

«አለ። ባለፈው ሳምንት ተቆጣጣሪው መጥተው አይተውት፣ ፎቶ ኮፒ አንስተው ሄዱ። ደግ ሰው ናቸው።»

መሞታቸውን አልሰሙም። ኢንስፔክተሯ ነገረቻቸው፤ አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እሷም ወረቀቱን አንብባ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው።

«አደጋው ሲመረመር ለምን አላሳዩም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?»

በማግስቱ ጠዋት በሦስት ሰዓቱ አውሮፕላን ስትመለስ የወንበሩን ክንድ እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም። አርባ ስድስት ወንበር ያላት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ናት፤ ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አንድ ግዙፍ ተራራ ከበታቻቸው አለፈ። ሰዓቷን ያዘች፤ ከመሬት ከለቀቁበት ጊዜ ጀምሮ ጎማው ማረፊያውን እስኪነካ ሃምሳ ሦስት ደቂቃ።

«ትናንት ቢሆን ይሄን ተራራ አያዩትም ነበር፤» አለቻት አስተናጋጇ ውሃ እያቀበለቻት።

ኢንስፔክተሯ የወንበሩን ክንድ ለቀቀች።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ላይ ሁሉም በሥራ አስኪያጁ የስብሰባ ክፍል ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ራስ፣ ጸሐፊዋ ከመስኮቱ ሥር፣ ሚሊሜትር እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ጠርዝ እኩል አስተካክሎ፣ የትናንቱን አውሮፕላን ያበረረው ፓይለትና አስተናጋጇ ጎን ለጎን። ካፒቴኑን ሃምሳ አለቃው በካቴና ይዞት ገባ፤ ልጁም በሩ ሥር እንድትቆም ተፈቀደላት።

«ብዙ አላስቀምጣችሁም፤» አለች ኢንስፔክተሯ። «መጀመሪያ ሸሚዙን እንይ። በዚያ ብረት ሰው ሲመታ ደም ይረጫል። ግድግዳውን ነክቶታል፤ መደርደሪያውን ነክቶታል። የመታው ሰው ሸሚዝ ባዶ ሊሆን አይችልም። የካፒቴኑን እጅና ጉልበት ብቻ ነው ደም የነካው፤ ያም ሲንበረከክ ነው። እትዬ፣ ሲመታቸው አየሁ ያሉኝ እውነት አይደለም።»

ጸሐፊዋ ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪው ለሚስታቸው ‹ከሩቅ የመጣ እንግዳ› አሉ። ካፒቴኑ የሚኖረው ከዚህ አራት መንገድ አልፎ ነው። ከሩቅ የሚመጣ፣ እንደ እንግዳ ውሃ የሚቀዳለት አንድ ሰው አውቃለሁ።»

ሁሉም ወደ ሚሊሜትር ዞሩ። እሱ አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ አየር ላይ ነበርኩ።»

«ብለውኛል። ሁለት ከሃምሳ አምስት ላይ ገቡ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ተንቀሳቀሱ፤ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ በረሩ፤ ተራራውን ከላይ አዩት።» ወደ ፓይለቱ ዞረች። «ትናንት በስንት ሰዓት ከመሬት ለቀቃችሁ?»

«ሁለት ሰዓት ከሃምሳ፤» አለ ፓይለቱ። «ተራራው ላይ ከባድ ደመና መጣ ተባልኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ገብቶ ስለነበር በሩን ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ዘጋሁና ቀድሜ ተነሳሁ። በስተምሥራቅ ዞርን። አምስት መቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር ይሆናል ዙሩ። ሰባ አንድ ደቂቃ በረርን።»

«ቀድማችሁ ስለተነሳችሁ ግን የደረሳችሁት...»

«በሰዓቱ። አራት ከሰባት።»

«ይኸው ነው፤» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሚሊሜትር መድረሻውን ጠይቀው አረጋገጡ። ልክ እንዳሰሉት አራት ከሰባት ሆኖ አገኙት። መድረሻው ትክክል ከሆነ መንገዱም ትክክል ነው ብለው አመኑ። ያልበረሩትን በረራ ከራሳቸው ዕቅድ ላይ አንብበው ነገሩኝ።»

«ስሜ ወረቀቱ ላይ አለ!»

«ወረቀቱን የሚጽፈው ማን ነው?» አለችውና አስተናጋጇን አየቻት።

«ዕቅድ ክፍሉ ነው፤» አለች አስተናጋጇ አንገቷን ደፍታ። «እኛ የመሥሪያ ቤቱን ሰው አንቆጥርም። ከኋላ ገብተው ተኝተው ይመጣሉ። ትናንት ሦስት ናቸው ተብሎ ነበር። እኔ ያየሁት ሁለት ነው። ግን ማን ይቆጥራል ብዬ...»

ሥራ አስኪያጁ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ያን ልማድ ያውቀዋል፤ እሱም ራሱ ሳይቆጠር ከኋላ ገብቶ እየተኛ ይጓዛል።

ኢንስፔክተሯ ለሃምሳ አለቃው ምልክት ሰጠችው። ሃምሳ አለቃው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከዚህ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ከሚገኝ ማቆሚያ ውስጥ የዕቅድ ሹሙን መኪና እንዳገኘ ተናገረ። ጠባቂው መኪናው ከትናንት በስቲያ ማታ እንደገባ መስክሯል። ከኋላው ሣጥን ውስጥ ደም የረጨበት ሸሚዝና አንድ ወፍራም ማህደር ነበር። ማህደሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

ሚሊሜትር ማህደሩን አላየውም። ዓይኑ ፓይለቱ ላይ ነው።

«ሰባ አንድ?» አለ ቀስ ብሎ። «በስንት ነዳጅ?»

«አንተ ባዘዝከው ላይ አምስት መቶ ጨምሬ፤» አለው ፓይለቱ። «ከአደጋው ወዲህ ሁላችንም እንጨምራለን። በአንተ ቁጥር ብቻ የሚነሳ ሰው የለም። አትጠይቀንም፤ አንነግርህም።»

የሰውየው ፊት የወደቀው ያኔ ነው። ከማህደሩ ይልቅ ይህ ነው አጥንቱ ድረስ የገባው።

ኢንስፔክተሯ ከቦርሳዋ አንድ የተበሳ ወረቀት አወጣች። «ይህ አራት ዓመት ምስማር ላይ የቆየ የነዳጅ ትዕዛዝ ነው። ርቀት፣ አራት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር። ነዳጅ፣ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ። የሚሊሜትር ፊርማ አለበት። ያን ቀንም ተራራው ላይ ደመና ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ንጋት ላይ ለዕቅድ ክፍሉ ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን ዕቅዱን ከዋዜማው ጨርሰው ስለነበር አላነበቡትም። ካፒቴኑ ከተነሳ በኋላ ደመናውን ዞረህ ሂድ ተባለ፤ ዞረ፤ ንፋሱም ከፊት ገጠመው፤ እዚህ ሲደርስ ሳታርፍ አየር ላይ ጠብቅ አሉት፤ ነዳጁ አለቀ። ከአደጋው በኋላ ማህደሩ ውስጥ ያለው ወረቀት በሺህ ስምንት መቶ ተለወጠ። ተቆጣጣሪውም የተለወጠውን አምነው ፈረሙ። ባለፈው ሳምንት ዋናውን ሲያገኙት ግን ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም፤ ለካፒቴኑ ሊነግሩት ጠሩት። ከዚያ በፊት ደግሞ ለሚሊሜትር ዕድል ሰጡ።»

«በገዛ እጅህ ጻፈው አሉኝ፤» አለ ሚሊሜትር። ድምፁ የሰው አይመስልም። «‹ተሳስቻለሁ› ብለህ በገዛ እጅህ ጻፍ። ሃያ ሁለት ዓመት! አንድ ቁጥር አልተሰረዘብኝም። ለመንኳቸው። ማህደሩን ሊያወጡ ጀርባቸውን ሰጡኝ...»

ሃምሳ አለቃው የካፒቴኑን ካቴና ፈትቶ የሚሊሜትር እጅ ላይ አደረገው። ይዘውት ሲወጡ እስክሪብቶው ከጠረጴዛው ተንከባሎ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም።

ካፒቴኑ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ አነበበው። ደግሞ አነበበው። የተለወጠውን ወረቀት ካሳዩት ወዲህ፣ ቁጥሩን አሳስቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ ብሎ አራት ዓመት ራሱን ሲከስ ኖሯል። ልጁ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እሱ ግን ገና አልሰማም። ከንፈሩ ቁጥሮቹን ይቆጥራል። ከዚያ ሰውነቱ ሁሉ ተንሰፈሰፈና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኢንስፔክተሯ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ አልቅሳ ለመታየት አትወድም።

ጸሐፊዋ ከመቀመጫቸው ተነስተው ፊቱ ቆሙ። አራት ዓመት መንገድ ላይ ሲያዩት ፊታቸውን ሲያዞሩ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ዋሸሁብህ፤» አሉት። «ሲመታቸው አላየሁም። አንተን እዚያ ተንበርክከህ ሳይህ... ይሙት አልኩ። አስበልቼህ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ አንተም አልገደልከውም ልጄን።»

ካፒቴኑ ይህን ተቀብሎ መውጣት ይችል ነበር፤ በዚያ ክፍል ውስጥ እንዳይቀበል የሚከለክለው ሰው አልነበረም። ልጁ እጁን ጨበጠችው። እሱ ግን እጁን አስለቀቀ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አለ። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከመነሳታችን በፊት ልጅዎ ወረቀቱን አይቶ ‹ካፒቴን፣ ትንሽ እንጨምር ይሆን?› አለኝ። ደመናው አልጣመውም ነበር። ‹ወረቀቱ ላይ ያለው ይበቃል› አልኩት። እሱ ልክ ነበር።»

ሴትየዋ አንድ እርምጃ ቀረቡት።

«ጠይቆ ነበር?»

«ጠይቆ ነበር።»

«ልጄ አውቆ ነበር፤» አሉ ለራሳቸው። ካፒቴኑ ክንዳቸውን ይዞ ደገፋቸው፤ እሳቸውም አልገፉትም። አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡና የለበሱትን ጥቁር ነጠላ ጫፍ ፊታቸው ላይ አድርገው፣ ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።